ባዶ አልጋ ላይ ህጻን? እናቴ ያልተዋጠላት ነገር

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ድረስ ልታርስ መጣች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ የአጥሚት እህል፣ እና ለማሙሽ ተብሎ የተሸመነ ነጭ ጋቢ ነበር። የመጣች እለት ማታ የህጻኑን አልጋ አየችውና ትንሽ ዝም አለች፣ ከዛ ወደኔ ዞር ብላ "ትራሱስ? ብርድ ልብሱስ? ምነው እንደ እስረኛ ባዶ ፍራሽ ላይ ጣላችሁት?" አለችኝ። እኔም ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ የነገረችንን እንደ በቀቀን ደገምኩላት፣ እንቅልፉ ላይ ድንገት እንዳይሞት በጀርባው ነው የሚተኛው፣ አልጋው ላይ ከሱ በቀር ምንም ነገር አይገባም፣ እኛ አልጋ ላይም አይተኛም። እናቴ አምስት ልጅ አሳድጋለች፣ ሁላችንንም ጉያዋ ውስጥ አስተኝታ። "ታዲያ እናንተ እንዴት ተረፋችሁ?" አለችና ወደ ኪችን ሄደች።

ይቺን ጥያቄ ያልሰማ ውጭ ሀገር የወለደ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን ደግሞ የምንመልሰው "በቃ እዚህ ህጉ እንደዛ ነው" ብለን ነው፣ እሱ መልስ አይደለም። "ድሮ ስለማይታወቅ ነው" ማለት ደግሞ ጭራሽ ስድብ ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ለብዙ አመት በትልቁ የተሳሳቱት አያቶች ሳይሆኑ ሀኪሞች ናቸው። እሱን ታሪክ ሳናውቅ ህጎቹን ብቻ ስንደረድር ነው ቤት ውስጥ ጸብ የሚነሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ቤንጃሚን ስፖክ የሚባል የህጻናት ሀኪም ነበር፣ በዛን ዘመን እሱ ያለውን ወላጅ ሁሉ እንደ ቃለ ምእዳን ነበር የሚቀበለው። ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ህጻን በጀርባው ይተኛ ይል የነበረውን ቀየረና በሆዱ ይተኛ ማለት ጀመረ። ምክንያቱ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፣ በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ትውከቱ ያንቀዋል፣ ደግሞም ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ይጠፈጠፋል። ማንም ሰው ቆም ብሎ ቆጥሮ አላየም። ምክሩ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተዛመተ፣ ከዛ በየቦታው ጤነኛ የነበሩ ህጻናት ማታ ተኝተው ጠዋት አልነሳ አሉ። ለነገሩ ስም ወጣለት፣ ድንገተኛ የጨቅላ ህጻን ሞት፣ በእንግሊዝኛው ምህጻር ሲድስ። ትርጉሙ መጀመሪያ በ1969 ነው ሀኪሞች የተስማሙበት፣ በኋላም ተሻሻለ፣ አሁን ባጭሩ "አስከሬኑን መርምረን፣ የሞተበትን ቦታ አይተን፣ ያለፈ ታሪኩን ጠይቀን ምክንያት ያጣንለት ሞት" ማለት ነው። በ2005 እነ ጊልበርት የሚባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ድሮ የታተሙትን ጥናቶች ሰብስበው ሲደምሩ በሆድ ማስተኛት አደገኛ መሆኑን በ1970 ማወቅ ይቻል ነበር አሉ፣ ያኔ ቢታወቅ ኖሮ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ቢያንስ 50,000 ህጻናት ይተርፉ ነበር። ሀምሳ ሺህ! ይሄን ቁጥር ለእናቴ ስነግራት "በሆዱ? ማነው ህጻን በሆዱ የሚያስተኛ?" ነው ያለችኝ፣ እሷ ሀሳቡ ራሱ ገርሟታል።

መጀመሪያ የነቁት ሆላንዶች ናቸው፣ በ1987 በሆድ አታስተኙ ብለው አስጠነቀቁ። ኒውዚላንድ ውስጥ ከ1987 እስከ 1990 ትልቅ ጥናት ተሰራና ሶስት ነገር ተለይቶ ወጣ፣ በሆድ ማስተኛት፣ የእናት ሲጋራ ማጨስ፣ ጡት አለማጥባት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አን ዳይመንድ የምትባል የቲቪ አቅራቢ በ1991 ልጇ ሴባስቲያን እንቅልፉ ላይ ሞተባት፣ ኒውዚላንድ ድረስ ሄዳ የሆነውን ጠይቃ መጥታ መንግስትን አላስቀምጥ አላስቆም አለች፣ በዛው አመት መጨረሻ "በጀርባ ይተኙ" የሚለው ዘመቻ በቲቪ ተለቀቀ። አሜሪካኖቹ በ1992 ምክሩን አወጡ፣ በ1994 ዘመቻውን ጀመሩ። ውጤቱ በህክምና ታሪክ ብዙ የማይታይ አይነት ነው፣ መድሀኒት የለ፣ ክትባት የለ፣ ማሽን የለ፣ ልጁን ገልበጥ ማድረግ ብቻ። አሜሪካ ውስጥ በ1990 ከ100,000 ህጻን 130 ገደማ ይሞት የነበረው በ2020 ወደ 40 አካባቢ ወርዷል፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል።

እሺ ትውከቱስ? ይሄ የሁሉም አያት ጥያቄ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አየር የሚሄድበት ቧንቧና ምግብ የሚሄድበት ቧንቧ ጎን ለጎን ሳይሆኑ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው ያሉት፣ የአየሩ ከፊት ነው። ህጻኑ በጀርባው ሲተኛ የአየሩ ቧንቧ ከላይ ይሆናል የምግቡ ከታች፣ ስለዚህ ያስመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ አየሩ ቧንቧ ለመግባት መሬት የሳበውን ነገር አሸንፎ መውጣት አለበት፣ ህጻኑም ወይ ይውጠዋል ወይ ያስለዋል። በሆዱ ከተኛ ግን ተገልብጦ የምግቡ ቧንቧ ከላይ ይሆናል፣ ወተቱ በቀጥታ ወደ አየሩ ነው የሚንጠባጠበው። ሚሊዮን ህጻናት በጀርባ መተኛት ከጀመሩ በኋላም በትንታ የሚሞት ህጻን ቁጥር አልጨመረም። ሪፍለክስ ማለትም የጠባው ወተት ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ የሚመለስበት ልጅም ያው ነው፣ በጀርባው።

"በጎኑስ?" ትላለች እናቴ፣ እሷ የምታውቀው እሱን ነው፣ አንድ ጎኑን አስደግፎ ከኋላው ጨርቅ ጠቅልሎ ማድረግ። ድሮ ሀኪሞቹም መካከለኛ መንገድ ነው ብለው ይፈቅዱት ነበር፣ በኋላ ግን ታየ፣ ከጎን ወደ ሆድ መገልበጥ በጣም ቀላል ነው፣ ደግሞ ሁሌ በጀርባው መተኛት የለመደ ህጻን አንድ ቀን በሆዱ ሲሆን አደጋው ከሌላው ብዙ እጥፍ ነው። ይሄኛው ነጥብ ሰው ብዙ የማያውቀው ይመስለኛል። እናትና አባት በጀርባው ያስተኙታል፣ አንድ ቅዳሜ አክስት ጋ ይውላል ወይ ዴይኬር ይጀምራል፣ አክስት ሆዬ "እንዲህ ነው ደህና የሚተኛው" ብላ ትገለብጠዋለች። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር የከፈቱ እህቶቻችን ብዙ ናቸው፣ ፈቃድ ሲወስዱ ስለ ህጻን አተኛኘት ስልጠና ውሰዱ የሚባሉት ለፎርማሊቲ አይደለም። አረብ ሀገር የሰው ልጅ የሚያሳድጉ እህቶቻችንም እንዲሁ፣ የሰው ልጅ ማታ የሚያስተኙት እነሱ ናቸው።

"በሆዱ ደህና ይተኛል" የሚለው ግን እውነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። በሆዱ የተኛ ህጻን እንቅልፉ ይከብዳል፣ ቶሎ አይነቃም። ህጻን ደግሞ መንቃት መቻል አለበት። ፊቱ ፍራሽ ውስጥ ወይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲቀበር የራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ መልሶ ይስባል፣ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ጤነኛ አእምሮ እዚህ ጋ ደወል ይደውልና ህጻኑ አንገቱን ያዞራል ወይ ያለቅሳል። አንዳንድ ህጻናት ላይ ይሄ ደወል ደካማ ነው፣ ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች የሞቱ ህጻናትን አእምሮ ሲያዩ ትንፋሽና መንቃትን የሚቆጣጠረው የታችኛው ክፍል ላይ ሴሮቶኒን የሚባለው ኬሚካል አሰራሩ የተዛባባቸው ብዙ ሆነው ተገኙ። በ1994 የወጣ አንድ ማብራሪያ አለ፣ እስካሁንም የሚሰራበት እሱ ነው፣ ሶስት ነገር ሲገጥም ነው ሞቱ የሚመጣው ይላል፣ ከውልደቱ ደካማ ጎን ያለው ህጻን፣ እድሜው ደግሞ አደገኛው ወቅት ላይ፣ ከዛ ከውጭ አንድ ጫና፣ ማለትም በሆድ መተኛት፣ የተሸፈነ ፊት፣ ሙቀት፣ የሲጋራ ጭስ። የመጀመሪያውን ማንም አያይም፣ ሁለተኛውን ማንም አያስቀርም፣ በእጃችን ያለው ሶስተኛው ብቻ ነው። እናቴ "እናንተ እንዴት ተረፋችሁ" ላለችው መልሱም እዚህ ውስጥ ነው፣ አብዛኛው ህጻን ደወሉ ይሰራል፣ ብታስተኚው በየትም ይተርፋል፣ የማይሰራበት የትኛው እንደሆነ ግን ፊቱን አይቶ የሚያውቅ የለም።

አደገኛው ወቅት ያልኩት ከ2 እስከ 4 ወር ያለው ነው፣ ከ10 ሟቾች 9ኙ ከ6 ወር በታች ናቸው። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ የኛ የአራስ ወግ ነው። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እናትየው አትነካም፣ ቤቱ ሰው አያጣም፣ ክርስትናው ተነስቶ ድግሱ ካለፈ በኋላ ግን ጠያቂው ይበተናል፣ እናትየው ብቻዋን ድክም ብላ ትቀራለች፣ እዚህ ሀገር ከሆነ ደግሞ ወደ ስራ መመለሻዋ ነው። ለሲድስ ክፉው ጊዜ የሚጀምረው ሁሉም ሰው "ኧረ አሁንማ ጠነከረ" ሲል ነው።

እና እናቴ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ወይ? በፍጹም። የአሜሪካ የህጻናት ሀኪሞች አካዳሚ በሰኔ 2022 ያወጣውን ምክር አንድ በአንድ ካየነው ግማሹ የኛ ወግ ነው። ህጻኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር ወላጆቹ ክፍል ውስጥ ይተኛ ይላል፣ ለብቻው ክፍል ቀለም ቀብቶ ማስቀመጥ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፣ እኛ ጋ ማን ህጻን ለብቻው ያስተኛል? ጡት ይጥባ ይላል፣ 2 ወር ያህል እንኳን የጠባ ህጻን ላይ አደጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016ቱ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉት 58 በመቶው ጡት ብቻ ነው የሚጠቡት። ሲጋራ አይጨስበት ይላል፣ ኢትዮጵያዊት እናት ሲጋራ የምታጨስ ስንት አለች? ስለዚህ ነርሷ ወረቀቱን ስትሰጠን ሁሉንም ነገር እንደማናውቅ አድርገን መቀበላችን ትክክል አልነበረም።

ሌላኛው ግማሽ ላይ ግን ችግር አለብን። አንደኛው መሸፋፈን ነው፣ ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይመታዋል፣ የሰው አይን ያየዋል እየተባለ ህጻኑ ፊቱ ድረስ ይጀቦናል፣ ከላዩ ጋቢ፣ ከጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ መስኮት ዝግ፣ በር ዝግ። ህጻን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በጭንቅላቱና በፊቱ ነው፣ እሱን ሲዘጉበት ከላይ የሞቀ ከታች የሞቀ ድስት ነው የሚሆነው። ሁለተኛው የሚለሰልስ ነገር ነው። ድሮ ጠፍር አልጋ ወይ መደብ ላይ ቁርበት ተነጥፎ ነበር የሚተኛው፣ ጠንካራ ነው፣ አይሰምጥም (አጎዛ ግን አይደለም፣ የበግ ጸጉር ፊት ያፍናል)። አሁን ግን ኑሮ ሲሻሻል ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ መጣ፣ ኮምፎርት መጣ፣ ሶፋ መጣ፣ አተኛኘቱ ግን ያው የድሮው ነው የቀጠለው። እኔ እንደሚመስለኝ የድሮውን ወግ በአዲስ እቃ መቀጠል ከድሮውም ከአዲሱም የከፋ ነው።

ሶፋ ካልኩ የራሴን ልናገር። ልጁ 6 ሳምንት ገደማው ነው፣ ባለቤቴ ሶስት ሌሊት አልተኛችም፣ እኔ ጀግና ነኝ ብዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ላይ ልጁን ተቀብዬ ሳሎን ሄድኩ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ደረቴ ላይ አደረግኩት፣ ኳስ ከፈትኩ። የሚቀጥለው የማስታውሰው እናቴ ትከሻዬን ስትመታኝ ነው። ልጁ ከደረቴ ተንሸራቶ በብብቴና በሶፋው መደገፊያ መሀል ገብቷል፣ ፊቱ ወደ ትራሱ ነው። ደህና ነበር፣ ብድግ አድርጋ ስትወስደው ተነጫነጨ። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። በዛ ቤት ውስጥ ህጉን በቃሌ የምወጣው እኔ፣ ልጁን ለመግደል የቀረብኩትም እኔ። በኋላ ሳነብ ህጻን ይዞ ሶፋ ወይ ወንበር ላይ እንቅልፍ መውሰድ አደጋውን እስከ 67 እጥፍ ያደርሰዋል ይላል፣ ከየትኛውም አይነት አልጋ የባሰ ነው። ለዚህ ነው አካዳሚው ራሱ አብሮ መተኛትን እየተቃወመ፣ ሌሊት ስታጠቢ እንቅልፍ ሊወስድሽ ይችላል ብለሽ ከፈራሽ ግን ሶፋ ላይ ሳይሆን ትራስና ብርድ ልብሱን አንስተሽ አልጋሽ ላይ አጥቢ፣ ስትነቂ ወዲያው ወደራሱ አልጋ መልሺው የሚለው።

አንድ አልጋ ላይ አብሮ መተኛት የሚለው ላይ እንግዲህ ፈረንጆቹም አልተስማሙም። አሜሪካ አትሞክሩት ትላለች። እንግሊዞች ግን ሰው መተኛቱ አይቀርም፣ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ እንንገረው ነው የሚሉት። እዛ በዚህ ሞት ዙሪያ የሚሰራው ላላባይ ትረስት የሚባለው ድርጅት እንደሚለው ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሞቱት ከሰው ጋር ተኝተው ነው፣ ግን ከነዚህ 90 በመቶው አደገኛ ሁኔታ ላይ ነበሩ፣ ሶፋ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ የሚያስተኛ መድሀኒት፣ ወይ ህጻኑ ያለ ጊዜው ወይ ከክብደት በታች የተወለደ ነው። እኔ የእንግሊዞቹ አነጋገር ለኛ ሰው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም "ፈጽሞ" የተባለች እናት ትዋሻለች እንጂ አትተውም፣ ሀኪሟ ሲጠይቃት "አዎ ለብቻው ነው የሚተኛው" ብላ ቤት ገብታ ታቅፈዋለች፣ ከዛ ጠላ ወይ ጠጅ የጠጣች ቀን አብራው እንዳትተኛ የሚነግራት ሰው የለም። አራስ ወተት ያመጣልሻል እየተባለች ጠላ የምትቀዳላት ስንት ናት? ባልየውም ግብዣ አምሽቶ መጥቶ በዛኛው በኩል ዘፍ ይላል። የ3 ወር ህጻን በመሀል።

ኒውዚላንድ ውስጥ ማኦሪዎቹ፣ የሀገሩ ነባር ህዝብ፣ ያደረጉት ነገር በጣም ነው ደስ የሚለኝ። እነሱም እንደኛ ልጃቸውን ከጎናቸው ካላስተኙ አይሆንላቸውም፣ የሚሞትባቸው ህጻንም ከሌላው ህዝብ በላይ ነበር። አትተኙ ቢባሉ ስለማይሰሙ ከ2006 ጀምሮ ዋሀኩራ የሚባል ነገር መጣ፣ ከሀገራቸው ቃጫ በእጅ የተሰፋ ጠፍጣፋ ቅርጫት፣ ህጻኑ እሱ ውስጥ በጀርባው ይተኛል፣ ቅርጫቱ ወላጆቹ አልጋ ላይ መሀል ይቀመጣል። አብሮም ነው ለብቻም ነው። ስፌት የሚሰፋ ህዝብ ይሄን ሲያይ ትንሽ መቅናት አለበት።

አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለችውን እናት አስቡና ሚዛኑን እንየው። በ2016ቱ ጥናት ከ1,000 ህጻን 48ቱ አንድ አመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፣ 29ኙ በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ የነዚህ የመጀመሪያ ወር ሞቶች ዋናዎቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ ሲወለድ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ለነዚህ ጨቅላዎች ብርድ እውነተኛ ገዳይ ነው፣ ደብረ ብርሀን ሌሊት ላይ ያለች አያት "ልጁ ይበርደዋል" ስትል አጉል ልማድ አይደለም የምታወራው። ያለጊዜው ለተወለደ ህጻን ደግሞ ምክሩ ጭራሽ ይገለበጣል፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ ነው የሚለጠፈው፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው። በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሳጥን አልበቃ ሲላቸው የጀመሩት ነው፣ በ2021 የታተመ በአምስት ሀገር የተሰራ ሙከራ ወዲያው እንደተወለደ ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ግን እሱ በሀኪም ክትትል ነው፣ እናትየው ቀና ብላ ተደግፋ፣ ህጻኑ በጨርቅ ታስሮ፣ ፊቱ ወደ ጎን ሆኖ አፍንጫው ክፍት፣ አንገቱ ሳይታጠፍ። የኔ የሶፋ ጀግንነት ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም።

ብርዱን ደግሞ በከሰል መከላከል የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ግን ሳልቆጣ ማለፍ አልችልም። በር ዘግቶ አራስ ቤት ውስጥ ከሰል ማጨስ በሽታ ነው የሚጋብዘው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እናትንም ልጅንም አንድ ላይ ነው የሚወስደው፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ብርዱን በልብስ ነው መከላከል የሚቻለው፣ ሰውነቱ ላይ የሚለበስ ልብስ፣ አዋቂው ከለበሰው አንድ ድርብ ቢጨመር ይበቃዋል፣ መሞቁን ለማየት እጁን ሳይሆን አንገቱን ከኋላ ወይ ደረቱን ንኩት፣ የህጻን እጅ ሁሌም ቀዝቃዛ ነው፣ አንገቱ ካላበው በዝቶበታል። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ውስጥ ሲተኛ ደግሞ ኮፍያውን አውልቁለት፣ ይንሸራተትና አፉ ላይ ይቀመጣል። ጠቅልሎ ማስተኛትም በጀርባው እስከሆነ ይቻላል፣ ለመገልበጥ መሞከር የጀመረ ቀን ግን ይቆማል፣ እጁ የታሰረ ህጻን በሆዱ ከዞረ መመለሻ የለውም።

ስለ እቃ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ከአሜሪካ በሻንጣ የሚላከው ነገር ያሳስበኛል። ፊሸር ፕራይስ የሚባለው ትልቅ ድርጅት ህጻን ጋደም አድርጎ የሚያወዛውዝ ሮክ ኤን ፕሌይ የሚባል ማስተኛ ነበረው፣ 4.7 ሚሊዮን የሚሆን ተሽጧል፣ በሚያዝያ 2019 ከ30 በላይ ህጻናት ሞተውበት ከገበያ ተሰበሰበ፣ በጥር 2023 ድጋሚ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የሟቾቹ ቁጥር 100 አካባቢ ደርሶ ነበር። ችግሩ ጠፍጣፋ ሳይሆን ያዘነበለ መሆኑ ነው፣ ህጻን አንገቱ ገና ስላልጠና አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹን ያጥፈዋል። በግንቦት 2022 ባይደን በፈረሙት ህግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የህጻን ማስተኛ እና አልጋ ዙሪያ የሚታሰረው ባምፐር የሚባለው ትራስ መሳይ ነገር አሜሪካ ውስጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። አዲስ አበባ ግን "ሙሉ ሴት" ብለው የሚሸጡት የህጻን አልጋ ልብስ ላይ ባምፐሩም ትራሱም ድቡም አለ፣ ለአራስ ጥየቃ ሲወሰድ ያምራል። እዚህ ያለን ደግሞ ቤታችን የቆየውን እቃ "ለእህቴ ልጅ ይሆናል" ብለን እንልካለን፣ ከመላካችሁ በፊት ስሙን ጎግል አድርጉት። ካር ሲትም ለመኪና ነው የተሰራው፣ ቤት ከደረሳችሁ አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኙት፣ እንቅልፉ ይረበሻል ብላችሁ ሳሎን እንዳታስቀምጡት። እግሩ ላይ ታስሮ የልብ ምትና ኦክስጅን እለካለሁ የሚለው ውድ ካልሲ ደግሞ ጭንቀት ይቀንስላችሁ ይሆናል፣ አካዳሚው ግን ሲድስን ለመከላከል ብላችሁ አትደገፉበት ይላል።

ጭንቅላቱ ተጠፈጠፈ ለሚለው ስጋት መፍትሄው ቀላል ነው፣ ልጁ ነቅቶ እያያችሁት በቀን ደጋግማችሁ ለትንሽ ደቂቃ በሆዱ አድርጉት፣ አንገቱም ይጠነክራል። ለስላሳ የራስ ማስያዣ ትራስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ይከብደኛል። የሰለሞንን ፍርድ የማያውቅ የለም፣ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ህጻን፣ ሰይፉን አምጡ። ታሪኩ ግን ከሰይፉ አይጀምርም፣ መጽሐፈ ነገስት ቀዳማዊ ምእራፍ 3 ላይ የሚጀምረው አንዷ ሌሊት ልጇ ላይ ተኝታበት ስለሞተ ነው። ከሶስት ሺህ አመት ገደማ በፊት የተነገረ ታሪክ ነው፣ ህጻኑ ሞቶ ሲነቁ የመጀመሪያው ማብራሪያ "ተኝታበት ነው"። ሰፈር ውስጥም እስከዛሬ የሚባለው እሱ ነው፣ በለቅሶው ማግስት በሹክሹክታ "ተጭናው ነው አሉ" ይባላል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚናገረው ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። እንግሊዝ ውስጥ ሳሊ ክላርክ የምትባል ጠበቃ ሁለት ልጆቿ አንዱ ካንዱ በኋላ ሞተውባት በ1999 ገድለሻቸዋል ተብላ እድሜ ልክ ተፈረደባት፣ አንድ ስመ ጥር የህጻናት ሀኪም ፍርድ ቤት ቆሞ ይሄ በአጋጣሚ የመሆን እድሉ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አለ፣ ስሌቱ ስህተት ነበር፣ በ2003 ነጻ ወጣች፣ በ2007 ሞተች። ሁሉን ነገር እንደ ህጉ ያደረገ ቤት ውስጥም ህጻን ይሞታል። ምክሩ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፣ ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የሚነገረው ነገርና ለሀዘንተኛ የሚነገረው ነገር አንድ መሆን የለበትም። እኔ ሶፋው ላይ ያደረግኩትን ያደረገ፣ እንደኔ ግን ያልተረፈለት አባት አለ።

እናቴ ሶስት ወር ቆየች። ከሶፋው ሌሊት በኋላ ስለ ባዶው አልጋ አንድም ቀን አልተከራከረችም፣ አላመነችም ግን፣ ማታ ማታ እየተነሳች ትንፋሹን ስታዳምጥ እሰማት ነበር። አንድ ቀን ከስራ ስመለስ ያንን ነጭ ጋቢ መሬት ላይ ዘርግታ በመቀስ ይዛዋለች። አራቱን ድርብ ፈታ ሁለት አደረገችው፣ "አራቱ ያፍነዋል፣ ቤታችሁ እሳት ነው" አለችኝ፣ ከዛ እጀታ የሌለው፣ አንገቱና ብብቱ ላይ ጠበብ ከታች እንደ ከረጢት ሰፋ ያለ ልብስ ሰፋችለት፣ ጥለቱን እግሩ ጋ አድርጋ። ባለቤቴ ከስቶር የገዛችውን ስሊፕ ሳክ አይታ ነው የቀዳችው። አልብሳው በጀርባው አስተኛችውና ትንሽ ቆማ አየችው፣ "ይኸው፣ ወደ ፊቱም አይወጣ" አለች። ትርፉን ጨርቅ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው፣ እህቴ ነሀሴ ላይ ትወልዳለች።